ክፉ ወር የሌለው ደቡብ

ባሌ ለእረፍት የምንሄድበትን ወር ሊመርጥ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቷል። የምንጎበኘው አገር ሰፊ ነው፤ አንዱ ጫፍ በረዶ ሲጥልበት ሌላው በፀሐይ ይነዳል።

«በጥር ብንሄድስ?» አልኩት።

«ሰሜኑ ያንቀጠቅጣል፤ ደቡቡ ይሻለናል።»

«በሐምሌስ?»

«ሰሜኑ ያኔም ይበርዳል። ደቡቡ ግን ነፋሻማ ነው።»

አይ ደቡብ፣ ክፉ ወር የሌለው! የቀድሞ ሚስቱ እዚያ እንደምትኖር የማላውቅ መስሎታል። እርር ድብን ብዬ ሳለሁ ፈገግ አልኩና ሻይ ቀዳሁለት።

«እሺ፣ ደቡብ እንሂድ። እህትህ እንደነገረችኝ ያቺ ሴትዮህም አምና ጠቅልላ ሰሜን ገብታለች።»

ስኒውን አስቀምጦ ካርታውን ትክ ብሎ አየው።

«ለነገሩ» አለ፣ «የሰሜኑን ብርድ ሰው አጋነነው እንጂ፣ ካፖርት ከያዙ ምንም አይልም።»