ምስሉ ይቅር

ቤተሰቡ «ችኮ» ይላታል፤ ስሟ ጠፍቶት ሳይሆን ጠባይዋ ስሟን ስለበለጠው ነው። አንዴ የያዘችውን አትለቅም። ሰሞኑን የያዘችው ደግሞ የአባቷን አሮጌ የቪዲዮ ካሜራና አንድ ሻንጣ ካሴት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷ ጉሮሯቸው ላይ በወጣ እጢ ኦፕሬሽን ተደርገው ዳኑ፣ ድምፃቸው ግን እዚያው ቀረ። እናቷ ደግሞ ዓይናቸውን ካጡ ቆይተዋል። እንግዲህ አስቡት፤ አባት ቢጽፉ እናት አያዩም፣ እናት ቢጠይቁ አባት አይመልሱም። በፊት ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ይሰማ ነበር፤ አሁን አባት ትከሻቸውን ነካ ሲያደርጓቸው እናት ክው ይላሉ። ይሄ የችኮን አንጀት በላው።

አባት ቪዲዮ ሲቀርጹ አፋቸውን የማይዘጉ ሰው ነበሩ። ካሴቶቹ ላይ መልካቸው የለም፣ ድምፃቸው ግን ሞልቷል። ችኮ ድምፁን እየቆረጠች ስልካቸው ላይ ልትጭንላቸው፣ እሳቸውም በጣታቸው እየነኩ ሚስታቸውን እንዲያናግሩ አሰበች። እንጀራዋ ቪዲዮ ማቀናበር ነው። የግማሽ ቀን ሥራ ነው ብላ ወላጆቿ ሳሎን ላፕቶፗን ዘርግታ ካሜራውን በኬብል አገናኘችው።

ግማሽ ቀን? ኧረ ወዲያ! ካሴቱ መጫወት ከመጀመሩ የቪዲዮ ፕሮግራሙ ስታክ አደረገ። ዘግታ ከፈተችው፣ እንደገና ደረቀ። ኬብል ቀየረች። ሌላ ዲስክ ላይ እንዲያስቀምጥ አደረገች። ክፍት የነበረውን ሁሉ ዘጋግታ ኮምፒውተሩን ሪስታርት አደረገች። ወይ ፍንክች! ልብ ብላ ስታይ የሚደርቀው አባቷ ቀረጻ አቋርጠው በጀመሩበት ቦታ ሁሉ ነው፤ እዚያ ጋ ምስሉ ይጠፋል፣ ፕሮግራሙም የጠፋውን ሲፈልግ ቆሞ ይቀራል። አባት ደግሞ ማቋረጥ ሲወዱ! ካሜራውም አርጅቶ ካሴት ማኘክ ጀምሯል፤ ዛሬ ካልሆነ ነገ ላይነሳ ይችላል።

አባት ወረቀት ላይ «ተይው፣ ይቅር» ብለው ጽፈው አሳዩዋት።

«አባዬ፣ ከኔና ከዚህ ማሽን አንዳችን ሳንሸነፍ አልነሳም» አለች። ጥርሷን ነክሳ ቀረጻውን በአጭር በአጭሩ እየቆራረጠች ልታስገባው ሞከረች። አሁንም ደረቀ።

እናት ከሶፋው ጥግ ሆነው ስታጉረመርም ሲሰሙ ቆዩና፣ «ምኑ ነው እምቢ ያለሽ?» አሉ።

«ምስሉ ነው እማዬ። እሱ ሲበላሽ ሁሉም ይቆማል።»

«ምስሉ ለማን ነው?»

የችኮ እጅ ኪቦርዱ ላይ እንዳለ ቀረ። ዓይን ለሌላቸው እናቷ ምስል ስታድን ጠዋቱን ሙሉ መፍጀቷ ነው። ሳቋ መጣ። የቪዲዮ ፕሮግራሙን ዘጋችው፤ ከካሜራው የኢርፎን ቀዳዳ ወደ ላፕቶፑ የማይክ ቀዳዳ ቀጭን ገመድ ዘርግታ ድምፅ ብቻ የሚቀዳውን ከፈተች። ካሴቱ ሄደ። ምስሉ የጠፋበት ቦታ ሲደርስ ትንሽ እሽሽ አለና ቀጠለ።

ደህና ደህናውን መረጠች፤ «እንደምን አደርሽ»፣ «ሻይ ልስጥሽ»፣ «መጣሁ»። አባት በኢርፎን አዳመጡና ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥለው ግን ስክሪኑ ላይ እሷ ቆርጣ ወደጣለችው ጭቅጭቅ ጠቆሙ።

«አባዬ፣ ይሄማ ንትርክ ነው» አለች።

ጣታቸውን አላነሱም። ችኮነት ከማን እንደተወረሰ ይኸው። ጫነችላቸው።

አባት ሚስታቸው አጠገብ ተቀምጠው ስልኩን ነኩ።

«አንቺ ደግሞ፣ አንድ ቀን እንኳ ትክክል ነህ ብትዪኝ ምን ይጎድልብሻል?» አለ ያ ወፍራም ድምፅ።

የእናት እጅ የባላቸውን ክንድ ፈልጎ ያዘ። ከዚያ አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ «ትክክል ስትሆን ነዋ የምልህ» አሉ። እንባቸው ይወርዳል። «በል እንጂ፣ መልስ። መላሽ አጥቼ ብቻዬን ስረታህ ነው የከረምኩት።»

አባት ለንትርክ ያላቸው መልስ ያው አንድ ነውና እሱኑ ደግመው ነኩት። እናት ከት ብለው ሳቁ፣ ለሱም መልስ አላጡለትም። ችኮ ቶሎ ብላ ቀጣዩን ካሴት ካሜራው ውስጥ ከተተች፤ አባቷ ሌላ መልስ ያስፈልጋቸዋል።