የምንይችል ቀኖና

የእህል ነጋዴዋ ውባለም ገብስና ስንዴ በምትመዝንበት ሚዛን ሰው እመዝናለሁ ብላ አስባ አታውቅም። የዚያን አርብ ግን ምንይችል ጋቢውን አወለቀ፤ በትሩን ለሚስቱ ለዓለሚቱ ሰጠና ገበያው መካከል ሚዛኑ ላይ ወጥቶ ቆመ።

"አርባ ዘጠኝ" አለች ውባለም።

"እስኪ ደግመሽ እዪው። ሚዛንሽ ይቀንሳል ሲሉ እሰማለሁ።"

"ከቀነሰም ለሻጭ ነው። አንተን ማን ሊገዛህ!"

ገበያተኛው ሳቀ። ዓለሚቱ ግን አልሳቀችም።

በኅዳር እህል አልወርድ ብሎት ሲመረመር የምግብ ቧንቧው ላይ ካንሰር ተገኘበት። ሐኪሙ ወዲያው አልቀደደውም። "መጀመሪያ ኬሞውና ጨረሩ አብረው እጢውን ያኮማትሩታል፤ ቀዶ ጥገናው ከዚያ በኋላ ነው" አለው። ምንይችልም አምስት ሳምንት ከተማ ተቀምጦ፣ መድኃኒቱ በክንዱ ሲንጠባጠብ ጨረሩ ደረቱ ላይ ሲያርፍ ከረመ። ሲሰናበት ሐኪሙ አስጠነቀቀው። "እጢው ተኮማተረ እንጂ አልጠፋም። በስድስት ሳምንት ተመለስ። ከሃምሳ ኪሎ ወርደህ ከመጣህ ግን ሰውነትህ ስለማይችለው አልነካህም። ወተትና እንቁላል እንዳታቋርጥ።"

ምንይችል ልቡ ውስጥ ያስቀረው "ተኮማተረ" የምትለዋን ብቻ ነበር። አገሩ ገብቶ ጥቂት እንደሰነበተ በሶው ወረደለት፤ ቀጥሎም እንጀራው። ጉሮሮዬን ለከፈተልኝ አምላክ ምን ልክፈል ብሎ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ ሳይቀምስ ይጾም ጀመር። ወተቱን ጥጃው ጠጣው። ጥጃው ወፈረ።

አሁን ለቀጠሮው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ዓለሚቱ ከገበያ በቀጥታ ወደ ንስሐ አባቱ ወደ ቄስ ተክለሃይማኖት ሄደች። ቄሱም በማግስቱ ረፋድ ላይ መጡ።

"ምንይችል፣ ኀጢአት ሠርተሃል" አሉት ገና ሳይቀመጡ።

"ምን አጠፋሁ አባ?"

"በሽተኛ ሆነህ ጾምህ። ለመሆኑ እኔን ጠይቀኸኛል?"

"ሰው ለመብላት ያስፈቅዳል እንጂ ለመጾም ያስፈቅዳል እንዴ?"

"አንተ ታስፈቅዳለህ። በል ቀኖናህን ስማ። ጠዋት አንድ ኩባያ ወተት፣ ማታ አንድ ኩባያ ወተት፣ በቀን ሁለት እንቁላል። ሦስት ሳምንት ሙሉ።"

ምንይችል ደነገጠ። ለተነሳሒ ስግደት ይታዘዛል፣ ጾም ይጨመርበታል፤ ወተት የታዘዘበት ሰው ግን በጋይንት ምድር ሰምቶ አያውቅም።

"አባ፣ መቶ ስግደት ያድርጉልኝ።"

"አይሆንም።"

"ሁለት መቶ!"

"ቀኖና እንደ በሬ ዋጋ ይከራከሩበታል? ጠጣ!"

አማተበና ሚስቱ ያቀረበችለትን ወተት ኮሶ እንደሚጠጣ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ጨለጠው። ዓለሚቱ ኩባያውን ተቀብላ እንደገና ሞላችው።

"ይኼኛው ደግሞ የምንድን ነው?"

"የእኔ ኀጢአት ነው። አንድ ሥጋ አይደለንም? አግዘኝ እንጂ!"

ምንይችል ይፍረዱኝ ብሎ ወደ ቄሱ ዞረ። ቄሱ ጣሪያውን አተኩረው ይመለከቱ ነበር።

በቀጠሮው ቀን የሆስፒታሉ ነርስ መዘነችው። "ሃምሳ ሁለት" አለች። ነገ ጠዋት ቀዶ ጥገና ይገባል ተባለ።

ምንይችል ወደ ሚስቱ ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አንቺ ሴት፣ ለመሆኑ ስንት ኀጢአት ነበረብሽ?"

"መች አለቀና" አለችው ዓይኗን ሳታነሳ፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ እያስተካከለች። "ደኅና ወጥተህ የምትጠጣልኝ ገና ብዙ አለ።"