ከነጥብ በኋላ ያለው ድምፅ

የአምባ ጊዮርጊሱ መሪጌታ ኃይለ ማርያም ዜማቸው በመሣሪያ እንዳይቀዳ ዕድሜ ልካቸውን ሲከለክሉ ኖረዋል። «ዜማ ከአፍ ወደ ጆሮ ነው» ይሉ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ጉሮሯቸውን ታመው ድምፃቸው ሊሄድ መሆኑን ሲያውቁት ግን፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ኮምፒውተር የሚማር ልጃቸውን ልዑልቃልን አስጠሩት። ሦስት ቀን ሙሉ እያረፉ፣ እየሳሉ አዜሙለት። በወሩ ዐረፉ።

አርባቸው ሲቃረብ እናቱ ወይዘሮ ይመኙሽ «ድምፃቸውን በስልኬ አድርግልኝ» አሉት። ቅጂው ግን ትልቅ ሆኖ አሮጌው ስልካቸው ላይ አልገባ አለ።

ልዑልቃል መላ አላጣም። ኮምፒውተር ድምፅን የሚያየው በቁጥር ረድፍ ነው፤ ፓይቶርች በተባለው የፕሮግራም መሣሪያ ሲከፈት ረድፉ ቴንሰር ይባላል፤ እያንዳንዱ ቁጥር ከነጥብ በኋላ ብዙ አሃዝ ያንጠለጥላል። ሦስቱን አሃዝ ትቶ ሌላውን ቢቆርጠው ሲጨመቅ እንደሚያንስ አሰበ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ በሺህ ማባዛት፣ ከነጥብ በኋላ የተረፈውን መቁረጥ፣ መልሶ በሺህ ማካፈል። ያ ሐዘን የበላው ጭንቅላቱ ማባዛቱን ረሳ። ፋይሉ እፍኝ አክሎ ሲያንስ ደስ አለው፤ ዲስኩም ሞልቶበት ነበርና አዲሱን ሳያዳምጥ ዋናውን ቅጂ እዚያው ሰረዘ።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እሱ ግን የሚለቀም አላገኘም። እነዚያ የድምፅ ቁጥሮች ሁሉ ከአንድ በታች ነበሩ፤ ከነጥብ በኋላ ያለው ሲቆረጥ ዜሮ ብቻ ቀረ። የአባቱ ሳል እንኳ አልተረፈም። የተሰረዘውን ለመመለስ ሁለት ቀን ታገለ። ሲያቅተው የኪራይ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጦ አለቀሰ፤ አባቱን ሁለተኛ የቀበራቸው ያህል ተሰማው።

የተዝካሩ ማግስት እናቱ በአውቶቡስ ማራኪ ድረስ መጡ። እሱ እንዴት ብሎ እንደሚነግራቸው ሲያስብ እሳቸው ማዳመጫውን አንስተው ጆሯቸው ላይ አደረጉ።

«በል ሸጋ አርገህ ክፈትልኝ» አሉት።

ባዶውን ፋይል ከፈተላቸው።

«ምነው ዝም አለ?»

«አጥፍቼዋለሁ፣ እማ። በስህተት ቆረጥሁት። ምንም የለበትም።»

ወይዘሮ ይመኙሽ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙት።

«ቆይ እስቲ፣ አትናገር። እሳቸው ዱሮም ትንፋሻቸውን ሳይሰበስቡ አይጀምሩም።»

ቅጂው እስኪያልቅ ድረስ ማዳመጫውን አላወለቁም።