እስከ ታች ያልነደደው ሻማ

ያን ሻማ እስከ ታች አንድዳው ቢሆን ኖሮስ፣ ይቺን ጥያቄ አራት ዓመት ሙሉ እንደ ታመመ ጥርስ በምላሷ ስትነካካት ኖራለች፣ ትተዋታለች፣ ትመለስባታለች፣ አሁንም ተመለሰችባት፣ አራት የብርጭቆ ሻማዎች ፊቷ እየነደዱ ነዋ፣ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ ነፋስ እንዳይገባ መስኮቱ ተዘግቶ፣ ታላቅ እህቷ ማጠቢያው ዘንድ ጀርባዋን ሰጥታ የሰም ማቅለጫውን ድስት እየፈተገች፣ እህ ሚጡ፣ የትኛው ክር ይሻላል፣ አንቺው ምረጪ፣ የተማርሽው አንቺ ነሽ፣ ትላታለች።

የተማርሽው።

አራቱም አንድ ዓይነት ብርጭቆ፣ አንድ ዓይነት የአኩሪ አተር ሰም፣ በአንድ ቀን ተቀድተው ሁለት ሳምንት ቁም ሳጥን ውስጥ ያረፉ፣ ልዩነታቸው መሃላቸው የቆመው ክር ብቻ ነው፣ ከቀጭን ወደ ወፍራም። የአንደኛው ነበልባል ምስር ታክላለች፣ ዙሪያውን ሳትነካ መሃሉን ብቻ እየቦረቦረች ቁልቁል ትወርዳለች፣ እንደኔው ናት፣ ትላለች በልቧ፣ ሰው እንዳያያት ጉድጓድ የምትቆፍር፣ አራተኛው ደግሞ ሰፈር ይረብሻል፣ ይጨፍራል፣ ይጨሳል፣ ጫፉ ላይ ጥቁር እንጉዳይ አብቅሎ የብርጭቆውን አንገት ጥላሸት ቀብቶታል፣ እሱን ማንም አይመርጠውም። ሁለተኛው ቀስ ይላል፣ ሦስት ሰዓት ሊሞላው ነው፣ የቀለጠው ሰም ገና ጠርዙ ጋ አልደረሰም። ሦስተኛው ግን፣ ሦስተኛው ያምራል፣ የቀለጠው ሰም ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ጠርቶ ተኝቷል፣ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል፣ ዓይን ያለው ሁሉ ሦስተኛውን ይላል።

ያኔም ይህንኑ ክር ነበር የመረጠችው።

ያኔ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት፣ እህቷ ሻማ መሥራት ጀምራለች፣ አንቺ እንደሁ ከወንበር አትነሺ፣ ሻማው እየነደደ አንብቢ፣ ፈታ ብለሽ ተቀመጪ፣ ብቻ ዓይንሽን እንዳትነቅይብኝ፣ አለቻት፣ ሥራው ይኸው ነበር፣ አራት ሰዓት ማንደድ፣ ማጥፋት፣ ሲቀዘቅዝ ክሩን መከርከም፣ እንደገና መለኮስ፣ ታቹ እስኪታይ፣ አሥር ቀን ይፈጃል፣ እህቷም ደጋግማ ነግራት ነበር፣ ሻማ ሲጀምር ሁሉም ጨዋ ነው፣ ጠባዩ የሚወጣው ሊያልቅ ሁለት ጣት ሲቀረው ነው፣ ነበልባሉ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ብርጭቆው ይግላል፣ ከላይ ልኩ የነበረው ክር ከታች ይበዛበታል። ሰምታ ነበር። ራሷን እንኳ ነቅንቃ ነበር።

በአምስተኛው ቀን አጠፋችው። ግማሽ ላይ። መጽሐፍ ይዟት ነበር፣ ጡብ የሚያክል ልብ ወለድ፣ ቤተ መጻሕፍቱ መልሺ ያላት፣ ሊያልቅ ሰባ ገጽ የቀረው፣ ክር መከርከም፣ መለኮስ፣ ብርጭቆውን በየግማሽ ሰዓቱ በእጅ ጀርባ ዳበስ ማድረግ ሰለቻት፣ እስካሁን ደህና ከነደደ ከዚህ በኋላስ ምን ይሆናል አለች፣ የተማረ ሰው ምክንያት አያጣም፣ ደብተሩን ሳበችና በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፏ ጻፈች፣ እስከ ታች ነዷል፣ ብርጭቆው ከልክ በላይ አልጋለም፣ ውጤት አጥጋቢ። አጥጋቢ! ከየት አመጣሻት ይቺን ቃል። ከዚያ የተረፈውን ሰም በማንኪያ ፍቃ አወጣች፣ ብርጭቆውን በሙቅ ውሃ አጠበች፣ ባዶውን ለእህቷ አሳየች፣ የሚያማት መጻፏ አይደለም፣ ማጠቧ ነው፣ ስንፍና ብቻ ቢሆን ብርጭቆ አያጥብም።

እህቷ በዚያ ክር ሠላሳ ሻማ ቀዳች። የመጀመሪያውን ከታች ለሚኖሩት ልብስ ሰፊ ሴትዮ በስጦታ ወሰደችላቸው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ጧ።

ብርጭቆው ሲሰነጠቅ አጠገቡ የደንበኛ ጨርቅ ነበር፣ እሳት እንዳይያያዝ ብለው በእጃቸው አነሡት፣ የፈላው ሰም ቀኝ እጃቸው ላይ ወረደ፣ ሰም እንደ ውሃ አይፈስም፣ ይጣበቃል። ሁለት ጣታቸው ዛሬም አይታጠፍም። በስፌት መኪናው ይሰፋሉ፣ መርፌ ግን አይዙም፣ ቁልፍ አይተክሉም።

የኔ ጥፋት ነው እማማ፣ አለች እህቷ ያኔ ፊታቸው ቆማ፣ ሰሙን አብዝቼ አሙቄ ቀድቼው ነው፣ ብርጭቆው ያኔውኑ ሳይነቃብኝ አልቀረም፣ እጄ ነው ያጠፋው፣ እሷም እዚያው ነበረች፣ ከእህቷ ጀርባ፣ ሁልጊዜም ቦታዋ እዚያ ነው፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ለአስተማሪውም ለሐኪሙም እህቷ ናት የምትናገርላት፣ አትፍረዱባት፣ ይቺ ዓይነ አፋር ናት፣ ያን ቀን ደግሞ ጥፋቷን እንኳ ሳታውቅ ተናገረችላት፣ እሷም ይሁን፣ ሆድ ይፍጀው አለች፣ ፈጀው።

የቀሩትን ሻማዎች እህቷ በር እያንኳኳች ሰበሰበች። ሥራውን ተወች። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ሲመጣ ወደ ታች ትወርዳለች፣ የሴትዮዋን ቁልፍ ትተክላለች፣ የልብሱን ጠርዝ ዘምዘም ታደርጋለች፣ ጣቷ በመርፌ ተወግቶ ትመለሳለች፣ እሷ ሶፋው ላይ መጽሐፍ ይዛ፣ እንዴት ናቸው፣ ትላለች። እንዴት ናቸው! አፍሽ አይቆረጥም።

እና ባለፈው ወር ሴትዮዋ ራሳቸው፣ አንቺ ልጅ፣ እስከ መቼ ነው ከእጅሽ ጋር የምትኮራረፊው፣ እኔ ያጣሁት ጣቴን ነው እንጂ አፍንጫዬን አይደለም፣ ሽታው ናፍቆኛል፣ ሥሪ፣ የመጀመሪያውንም ለኔ ታመጪያለሽ፣ አሏት፣ እህቷ ደረጃውን እየዘለለች ወጣች፣ ሰም ገዛች፣ ክር ገዛች። የመጀመሪያው ለሳቸው። እንደገና።

እህ፣ ምን ዘጋሽ፣ ትላለች እህቷ ከትከሻዋ በላይ፣ ሦስተኛው አይደል፣ እዪው እንዴት እንዳማረበት፣ ሦስተኛው በቃ።

አይደለም።

ድምፁ ከማን ወጣ።

አይደለም እትዬ፣ ሦስተኛው ያኔም ልክ አልነበረም፣ አቀዳድሽ አልነበረም ጥፋቱ፣ ክሩ ነው፣ እኔ ነኝ፣ እስከ ታች አላነደድኩትም፣ ግማሽ ላይ አጥፍቼ ነዷል ብዬ ጻፍኩ፣ ብርጭቆውን አጥቤ አሳየሁሽ፣ ሁለተኛው ይሻል ይመስለኛል፣ ግን እሱም ቢሆን አሥር ቀን ሳይነድ አይታወቅም፣ መጽሐፍ እያነበብኩ ነበር፣ ቃሉ ሁሉ አንድ ላይ ይወጣል፣ ወረፋ ሳይጠብቅ፣ ሦስተኛውን እፍ ትልና ታጠፋዋለች፣ ጭሱ ቀጥ ብሎ ይወጣል።

ቧንቧው ይዘጋል።

መጽሐፍ፣ ትላለች እህቷ።

አዎ።

ጥሩ ነበር?

ምኑ?

መጽሐፉ ነዋ! ብላ ትጮኻለች፣ ይቺ እህቷ ጮኻ አታውቅም፣ አረፋ የያዘ እጇን ከደረቷ ራቅ አድርጋ እንደያዘች፣ እሷ ታስባለች፣ ከልቧ ታስባለች፣ የአንድ ሰው ስም እንኳ ከውስጡ አልቀራትም፣ አጨራረሱን አላስታውሰውም፣ ትላለች፣ እህቷ ሳቅ ይሁን ሲቃ ያልለየ ድምፅ አውጥታ ወንበሩ ላይ ዘጭ ትላለች። አራት ዓመት፣ ትላለች፣ እጄን ስጠላው፣ ሰው ሻይ ቅጂልኝ ሲለኝ ማንቆርቆሪያውን ለሌላ ሳቀብል፣ አንቺ ቁጭ ብለሽ ታይኛለሽ። አዎ። ታውቂያለሽ። አዎ።

ይቅር ብዬሻለሁ አልተባለም። አይባልም ዛሬ። እህቷ እጇን በፎጣ ትጠርጋለች፣ እያንዳንዱን ጣት ለየብቻ፣ ፊቷን ሳታዞር፣ በይ ተይው፣ እኔ ወርጄ እነግራቸዋለሁ፣ አንቺ እንደሁ ደጃፋቸው ላይ ቃል ይጠፋብሻል፣ ትላለች፣ ልማድ ነው፣ እየተቆጣች እንኳ ትናገርላታለች፣ እና የዚህች ልብ፣ አታፍርም ይቺ ልብ፣ እፎይ ልትል ይቃጣታል፣ እሺ በያት፣ እሷ ማስረዳት ታውቅበታለች፣ አንቺ ታበላሺዋለሽ፣ እሺ በያት።

አይ፣ ትላለች፣ እኔው እነግራቸዋለሁ፣ ብቻዬን፣ አንቺ እሳቱን ጠብቂ።

ትወጣለች። ደረጃው ላይ የስፌት መኪናው ይሰማል፣ ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ይሮጣል፣ ምን ብላ ትጀምራለች፣ እማማ ጊዜ አለዎት፣ አይ፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው ጊዜ አለዎት አይባልም፣ እማማ እህቴ እንዳለችው አይደለም፣ አይ፣ የእህቷን ስም ከመሃል ታውጣው፣ አንድ ደረጃ ትወርዳለች፣ ቢያባርሩኝስ፣ ያባርሩኛ፣ ቢስቁስ፣ መሳቁ ይብሳል፣ ይቅርታው ይቅደም ወይስ ጥፋቱ፣ ይቅርታ ከቀደመ ምንም አይደል ልጄ ይሉና አፏን ያስይዟታል፣ ጥፋቱ ይቅደም። ሻማውን ፈትኜዋለሁ ብዬ ዋሽቼ ነው እጅዎ የተቃጠለው። በአንድ ትንፋሽ ያልቃል፣ አንድ ትንፋሽ ደግሞ አላት። መኪናው ቆመ፣ እጇን ታነሳለች፣ ታንኳኳለች።