ግማሽ እንቁላል

ልብስ ሰፊው በክሊኒኩ አልጋ ላይ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ ተጋድሟል። ነርሷ እንደ እስክሪብቶ የቀጠነውን መሣሪያ ወደ ተረከዙ ቁስል ስታስጠጋው ጫፉ ሐምራዊ ብርሃን ተፋ። ቀዝቃዛ ፕላዝማ ይሉታል፤ ሳያቃጥል ጀርሙን ይገድላል፣ የዛለውን ሥጋ ይቀሰቅሳል። ሚስቱ አጠገቡ ቆማ ታያለች። ሕክምናው ከተጀመረ አራተኛው ሳምንት ነው። ዛሬም ቁስሉ ካልጠበበ ነገ ጠዋት እግሩ ይቆረጣል።

ነርሷ ቁስሉ ላይ ስስ ላስቲክ ዘርግታ ዙሪያውን በቀለም አሰመረች።

«ልጄ፣ ልኬን ከወሰድሽ ወር ሞላሽ፤ ልብሱ መቼ ነው የሚደርሰው?»

«እርስዎስ፣ አባባ፣ በቀጠሮው ቀን አድርሰው ያውቃሉ?»

«ታዲያ የደንበኞቼ ግፍ አይደል እዚህ ያጋደመኝ!»

ነርሷ ፈገግ እንዳለች የዛሬውን ላስቲክ ባለፈው ሳምንቱ ላይ ደረበችው። መስመሮቹ ልክ ለልክ ገጠሙ። ፈገግታዋ ጠፋ።

«መሣሪያው የበኩሉን አድርጓል፤ ቁስሉ ንጹሕ ነው። ግን ሥጋ ከባዶ ሆድ አይበቅልም። እማማ፣ አባባ ምን ይመገባሉ?»

«የሐኪሙ ወረቀት ያዘዘውን።»

ኩላሊቱም ስለታመመ ወረቀቱ የፈቀደለት በቀን አንድ እንቁላልና መዳፍ የምታህል ሥጋ ነው። ሚስቱ ግን እንቁላሉን ለሁለት ከፍላ ግማሹን፣ ሥጋውንም ወደ ሁለት ጣት አሳንሳ ነበር የምትሰጠው። ከጥቂቱም ቢቀነስ ኩላሊቱ ይበልጥ የሚያርፍ መስሏት። ራበኝ ሲል «ቻለው፣ የኔ ጌታ» እያለች ሳህኑን አንስታበታለች።

«ሙሉውን ይበሉታል?»

አፏን ስትከፍት ባሏ ቀደማት።

«እሷ ምን ታድርግ? ታቀርባለች። ፊቷን ስታዞር ለድመቷ የምወረውረው እኔ ነኝ።»

«እንደ ሕፃን!» አለች ነርሷ፤ ተናዳ ካርዱ ላይ ጻፈች። የነገው ቀጠሮ ጸና።

ድመት ቤታቸው ገብታ አታውቅም።

ብቻቸውን ሲቀሩ ሚስቱ ካልሲውን በደህናው እግሩ አጠለቀችለት።

«ለምን?» አለችው፣ ቀና ሳትል።

«ከነገ በኋላ የምታነሺኝም የምታስተኚኝም አንቺው ነሽ። እጅሽ እንዳይንቀጠቀጥብኝ ነው።»

በማግስቱ ማለዳ ቤታቸው አንድ ሙሉ እንቁላል ቀቅላ ላጠች፤ ሳትከፍል ሳህን ላይ አደረገችው። መኝታ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ነው ትዝ ያላት፤ ቀዶ ሕክምና የሚገባ ሰው ምንም አይቀምስም።