አንድ ጭረት ተኩል

የቢያዝንን ፊት አይቶ የልቡን ያወቀ ሰው ባሕር ዳር ላይ የለም። ስሙን ያወጣችለት እናቱ ምን ታይቷት እንደ ሆነ እንጃ፤ ቢያዝንም ባያዝንም መልኩ አንድ ነው እያሉ የሥራ ጓደኞቹ ይቀልዱበት ነበር። ቀልዱ የቀረው ክንዱ የሚባል ልጁ በወታደሮች ከተወሰደ ወዲህ ነው።

ክንዱን የወሰዱት በ1970 ኅዳር፣ ከነሞተር ሳይክሉ ነው። እናቱ አገርነሽ አራት ወር ሙሉ ወደ እስር ቤት ስንቅ አመላለሰች። አንድ ጧት ዘበኛው አገልግሏን ሳይከፍት መለሰላትና ተዛውሯል አላት። ወዴት ብትለው፣ ወዴት ብሎ መጠየቅም ያስጠይቃል አለና በሩን ዘጋባት።

ከዚያ ወዲያ ያ ቤት የሐዘን ቤትም የሰላም ቤትም አልሆነ። የንስሐ አባታቸው አባ ወልደ ገብርኤል፣ መሞቱ ላልታወቀ ሰው ፍትሐት አልፈታም ብለው ቁርጥ አድርገዋል። ስለዚህ የክንዱ የክርስትና ስም፣ ወልደ ዮሐንስ፣ በየእሑዱ ከሕያዋን ጋር ይነሣል። አገርነሽ ታዲያ ከቤተ ክርስቲያን በተመለሰች ቁጥር፣ ለሞተ ልጄ ዕድሜ እየለመንኩ አርፍጄ ይሆን እያለች ትብሰለሰላለች። ቢያዝን አለ እንዳይላት ያላየውን፣ ሞቷል እንዳይላት በየትኛው አፉ።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። በ1972 ታኅሣሥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አንድ ወታደር ያንኑ ሞተር ሳይክል እየገፋ ሐይቁ ዳር ካለችው የቢያዝን ጋራዥ ገባ።

ቢያዝን ገና ከበሩ አወቀው። እንዴትስ አያውቀው? ጣሊያን ጥሎት የሄደ ብረት ነው፤ ይፋግ ከአንድ ነጋዴ ጓሮ ዶሮ ሲያድርበት አግኝተው፣ አባትና ልጅ ሁለት ክረምት ተንበርክከው ነፍስ የዘሩበት። በቤንዚን መያዣው ላይ ያለችው ስርጉድ እንኳ ክንዱ ጢስ ዓባይ መንገድ ላይ ወድቆ ያመጣት ናት። የቢያዝን ፊት ግን እንደ ልማዱ ምንም አላወጣም። ለእንግዳው ወንበር አቀረበለትና ችግሩን ጠየቀው።

እንግዳው አሥር አለቃ ደሞዝ ይባላል። ከሩቅ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ከሐይቁ ወዲያ ባለ አንድ ከተማ እስር ቤት የሚጠብቅ፣ ክፉ ፊት የሌለው ሰው ነው። ጎማውን የሚያዞረው የሞተሩ ካቴና በየመንገዱ እየወለቀ አላስሄድ ብሎታል፤ የኋላ ጎማውም በአንድ ጎኑ ብቻ እየተበላ ነው። ባሕር ዳር አንድ ሽማግሌ አለ ሲሉት ነው የመጣው። ሽማግሌው የማን አባት እንደ ሆነ የነገረው የለም።

ቢያዝን ከግድግዳው ሲባጎ አወረደ። የኋላው ጎማ ከፊተኛው ጋር ቀጥ ማለቱ የሚለየው በሲባጎ ነው፤ በኋላው ጎማ ጀርባ አዙሮ በግራና በቀኝ እስከ ፊተኛው ይወጥረዋል፣ ክፍተቱ በሁለቱም ወገን እኩል ከሆነ ጎማው ቀጥ ብሏል። የዚህኛው በቀኝ በኩል ፊተኛውን ጎማ ሲነካ፣ በግራ ሁለት ጣት ያስገባል።

ምክንያቱን ሳያይ ያውቀዋል። የኋላውን ጎማ በሚይዙት ሁለት የብረት ክንዶች ላይ ፋብሪካው የቀረጻቸው ጭረቶች አሉ፤ በሌላው ሞተር ሳይክል ግራና ቀኙን በአንድ ጭረት ላይ ማሰር ነው፣ አለቀ። ይህ ግን ከጢስ ዓባዩ መውደቅ ወዲህ ብረቱ ተጣምሟል። ቀኙ ከግራው አንድ ጭረት ተኩል ወደ ኋላ ካልተሳበ ቀጥ አይልም። ይህን የሚያውቁ በዓለም ላይ ሁለት ሰዎች ናቸው። ክንዱ ያን ጊዜ ምልክት ላድርግበት ቢል፣ አባቱ፣ የሰረቀው ሰው እንዳይሄድበት በጭንቅላትህ ያዘው ብሎ ከልክሎታል።

አሁን ሁለቱም በእኩል ጭረት ላይ ታስረዋል፤ የማያውቅ ሰው እጅ ነው። ቢያዝን ጭቃውን በጨርቅ ጠረገ። በቀኙ ክንድ ላይ፣ በሁለት የፋብሪካ ጭረቶች መካከል፣ በሚስማር የተፋቀች ቀጭን መስመር አየ። በጥፍሩ ዳበሳት። ክንዱ የተወሰደ ዕለት ይህች መስመር አልነበረችም፤ በዋዜማው ካቴናውን ያጠበቀው ቢያዝን ራሱ ነው። ጭረቶቹን ቆጠረ። አንድ ተኩል።

ልጁ ከተወሰደ በኋላ ይህን ብረት ነክቶታል፤ ተዛወረ በተባለበት ሳምንት ገደሉት ተብሎ የተወራው ውሸት መሰለው። ደስታው እንደ ሕመም ጎኑን ወጋው፤ ለአገርነሽ የሚነግርበትን ቃል እንኳ መምረጥ ጀምሮ ነበር። ድምፁን እንደ ምንም አስተካክሎ፣ ከዚህ በፊት ማን ይሠራለት እንደ ነበር አሥር አለቃውን ጠየቀ።

«አንድ እስረኛ ነበረን፤» አለ አሥር አለቃው። «እጁ ወርቅ ነበር። ጎማውንም የቀየረው እሱ ነው። እስካለፈው ሰኔ ድረስ አንድ ቀን ካቴና ወልቆብኝ አያውቅም።»

«አሁንስ?»

«አሁን የለም።»

የለም የሚሉት ቃል ሰው ይጫወትበታል። ገበያ የሄደም የለም ይባላል፣ ወደ ሌላ አገር የተዛወረም የለም ይባላል። ቢያዝን ከእነዚህ አንዱን ለሚስቱ ይዞ መግባት ፈለገና ተዛውሮ ነው ወይ አለ።

አሥር አለቃው ዓይኑን በደንገሉ ጥግ ወደሚያልፈው ታንኳ መለሰ።

«አባባ፣ የለም አልኩዎት እኮ።» ከዚያ ጸጸት እንደ ያዘው ሁሉ ጨመረበት። «ያቺን መስመር ሲፍቃት አጠገቡ ነበርኩ። ምንድን ናት ስለው፣ እኔ ባልኖር ለሚያስተካክለው ሰው ናት አለኝ። እኔ አልገባኝም፤ በኋላ ሲላላ ፋብሪካው ባደረገው ጭረት ላይ አሰርኩት።»

ቢያዝን ጎንበስ ብሎ ሥራውን ያዘ። ዳዶውን በመፍቻ ፈታ፣ ቀኙን ወደ ኋላ ሳበ፣ ልጁ በፋቃት መስመር ላይ አሰረው። ሲባጎውን መልሶ ቢወጥር ክፍተቱ በሁለቱም ወገን እኩል ሆነ። ለማልቀስ ቦታውም ሰዓቱም አልነበረም፤ እንዲያውም በዚያ ዘመን ለእንዲህ ያለ ሟች ማልቀስ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ከዚህች መስመር እንዳያነቃንቀው አሥር አለቃውን አደራ አለው።

ደሞዝ አመስግኖ ሞተሩን አስነሣና በዘንዘልማ መንገድ ወደ ዓባይ ድልድይ ነዳው። ያ የድሮ ድምፁ ዱብ ዱብ እያለ ሲርቅ ነው ቢያዝን የደነገጠው። መንገዱ በቤቱ ደጃፍ ያልፋል።

ጋራዡን ሳይዘጋ ተከተለ፤ ግን በእግሩ የት ይደርስበታል። ድልድዩን ተሻግሮ ከቤቱ ሲደርስ፣ አገርነሽ አንድ እግሯን ጫማ አድርጋ፣ ሌላው ባዶውን፣ መንገዱ ዳር ቆማለች።

«ሞተሩን ሰማሁት፤» አለች። «ሮጬ ብወጣ ሌላ ሰው ነው የተቀመጠበት። ልጄን አየኸው?»

የመረጠው ቃል ሁሉ ጠፋው። የተሰጠውን ብቻ ሰጣት።

«የለም፣ አገርነሽ።»

የትኛው የለም ብላ አልጠየቀችም። ፊቱን አየችው፤ በሠላሳ ዓመት ትዳራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ተናግሮ ነበር። እቤት ገብታ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አለቀሰች። ሲደክማት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና ተቀመጠች። እሱም ስለ መስመሯ፣ ስለ ሰኔ፣ የሰማውን ሁሉ ነገራት። ነገ አባ ወልደ ገብርኤል ዘንድ ሄዶ ወልደ ዮሐንስ ከሙታን ጋር እንዲጠራ እንደሚያደርግም ነገራት።

«ሰኔ በስንት?» አለች። ለሙት ዓመቱ ቀን ያስፈልጋል።

ቢያዝን በበሩ ወደ መንገዱ አየ። የሞተሩ አቧራ እንኳ ጠፍቷል። ስለ ጎማው አደራ ሲል ልጁ የሞተበትን ቀን ረስቶታል።

«አልጠየቅኩም፤» አላት።

«እንግዲያ የሰኔን ሠላሳውንም ቀን እንይዝለታለን፤» አለች።