አሥራ አራተኛው ሰው

መሪጌታ ገዳሙን «ማረፊያ» የተባለው ማኅበር ሊቀ መንበር ያደረጋቸው ለሰው ፊት የማያደሉ መሆናቸው ነው እንጂ ስለ ቤት ሥራ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። የቅኔ መምህር ናቸው። በሕይወታቸው ያሠሩት ቤት ቢኖር ተማሪዎቻቸው የሚያድሩበት የሣር ጎጆ ብቻ ነው፤ እሱም ያፈስሳል። ግን በ1991 ክረምት ደብረ ማርቆስ ውስጥ የአንድ ኪራይ ቤት ግድግዳ በዝናብ ተንዶ አንዲት እናት ከሁለት ልጆቿ ጋር በተኙበት ቀሩ። ከቀብር መልስ ሃያ አንድ ሰዎች ደጀ ሰላም ተቀምጠው፣ ለችግረኛ ርካሽ ቤት የሚሠራ ማኅበር እናቋቁም ተባባሉ። ማን ይምራው ሲባል ዓይኑ ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ።

መተዳደሪያ ደንቡንም የጻፉት እሳቸው ናቸው። ከሁሉ አብልጠው የተጨነቁባት አንዲት አንቀጽ ነበረች። ቤት ለተጠቃሚ የሚተላለፈውም ሆነ ደንቡ የሚሻሻለው፣ ከመሥራች አባላቱ ሁለት ሦስተኛው በአካል ተገኝተው ሲወስኑ ብቻ ነው ትላለች።

"ደንቡ በጣም አልጠበቀም የኔታ?" አላቸው አንዱ።

"አጥር ጠበቀ ተብሎ ይታማል እንዴ?" አሉ መሪጌታ። "ነገ እኛ ስንደክም ሦስት ሰው ጥግ ይዞ ቤቱን ለዘመዱ እንዳያድለው ነው።"

ሁሉም አጨበጨበ። ተፈረመ።

መሬቱ እስኪገኝ ብቻ ስድስት ዓመት ሄደ። ከዚያ በኋላ አንዱ ድንጋይ፣ አንዱ ባሕር ዛፍ፣ አንዱ ጉልበቱን እያዋጣ፣ ወደ አማኑኤል በሚወስደው መንገድ ዳር አሥራ ሁለት ቤት ቆመ። ግድግዳቸው ጭቃ፣ ክዳናቸው ቆርቆሮ ነው፤ በርና መስኮታቸው ግን ጠንካራ እንጨት ነው። በ2002 ሚያዝያ ላይ የመጨረሻው በር ተገጠመ። ከስልሳ በላይ ችግረኛ በተመዘገበበት ዕጣ ወጣ፤ አሥራ ሁለት ስም ተጻፈ። መጨረሻ የወጣችው ወለተ ሰንበት ናት፤ ባልና ልጅ የሌላት፣ ወፍጮ ቤት ደጅ የሰው እህል እያበጠረች የምትተዳደር ሴት። ስሟ ሲጠራ እዚያው ተንበርክካ መሬት ሳመች።

ቤቶቹን የማስረከቢያው ቀን ሲታሰብ ነው ዘመናይ ወረቀት ይዛ የመጣችው። ዘመናይ ማኅበሩ የቀጠራት ሥራ አስኪያጅ ናት፤ ወጣት ብትሆንም ከእንጨት ጫኝ እስከ ቢሮ ኃላፊ ተከራክራ ቤቶቹን እዚህ ያደረሰች እሷ ናት። መሪጌታን ከቅኔው ጉባኤ ጠርታ አወጣቻቸው።

"የኔታ፣ ማኅበር ሁሉ ደንቡን አሻሽሎ እንደገና ይመዝገብ ተብሏል። እስከ ሰኔ ሠላሳ ያልተመዘገበ ይፈርሳል፣ ንብረቱም ለመንግሥት ይሆናል።"

"ታዲያ እንመዘገባለና።"

"ደንቡን ለማሻሻል አሥራ አራት መሥራች ያስፈልጋል። በአካል።"

መሪጌታ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ከሃያ አንዱ አምስቱ ሞተዋል። አንዱ መንኩሶ ገዳም ገብቷል፤ ማንም አያወጣውም። አንዱ ወደ መተማ ሄዶ ወሬው ከጠፋ አራት ዓመቱ ነው። የቀሩት ራሳቸውን ጨምሮ አሥራ አራት ናቸው። ልክ አሥራ አራት፤ አንድ ትርፍ የለም።

በማግስቱ የማኅበራት መመዝገቢያ ቢሮ ሄዱ። መዝጋቢው ትሑት ልጅ ነበር፤ ከወንበሩ ተነሥቶ አስቀመጣቸው።

"የሞቱት ከቁጥር ቢወጡስ?" አሉት።

ደንቡን ገለጠና አነበበ። "በሕይወት ካሉት አይልም የኔታ። ከመሥራች አባላቱ ነው የሚለው።"

"አዎ፣ አይልም።"

"ይህን የጻፈላችሁ ባለሙያ ማን ነው? እሱ ቢጠየቅ…"

"እኔ ነኝ።"

ልጁ ዓይኑን ወደ ወረቀቱ መለሰ።

ዘመናይ ሌላ ሐሳብ ነበራት። "ቁልፉን እንስጣቸውና ይግቡ። ከገቡ በኋላ ማን ያስወጣቸዋል?"

"ያለ ውሳኔ የገባ ሕገ ወጥ ነው ይባላል። ነሐሴ ላይ ከነልጆቻቸው ዕቃቸው ዝናብ ላይ ቢጣል አንቺ ነሽ የምትመልሺልኝ?"

ሐሳቧን ተወች። እሳቸውም ከትክክለኛነታቸው ምንም ደስታ አላገኙም።

ግንቦትን ሙሉ መሥራቾቹን እየዞሩ ሲለምኑ ሰነበቱ። ሉማሜ ወርደው የሻይ ቤት ባለቤቷን የብርጓልን አገኙ፤ "ቤቴን ዘግቼ እመጣለሁ" አለች። አማኑኤል ሄደው ኃይለ ሚካኤልን አገኙ። ኃይለ ሚካኤል በልጅነታቸው አብረው ቅኔ የተማሩ፣ አንድ ጎጆ ያደሩ ጓደኛቸው ነው። ከወገቡ በታች አልታዘዝ ካለው ሁለት ዓመት አልፎታል።

"በቃሬዛም ቢሆን እመጣለሁ" አላቸው እጃቸውን ይዞ። "ከሠራነው ነገር ሁሉ ሳስበው ደስ የሚለኝ እሱ ነው፣ ገዳሙ። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።"

አሥራ ሦስቱ እሺ አሉ። አሥራ አራተኛው እንዳላማው ነበር። ማኅበሩ ሲመሠረት ጀማሪ አስተማሪ የነበረ፣ በኋላ የእህል ንግድ ገብቶ የጭነት መኪና የገዛ ሰው ነው። እሱም መጀመሪያ እሺ ብሎ ነበር። ለሰኔ ሠላሳ የተቀጠረው የመሥራቾች ጉባኤ ሦስት ቀን ሲቀረው ግን መሪጌታን መጋዘኑ ድረስ አስጠራቸው፤ ወንበር አቀረበ፣ አክብሮ አስቀመጣቸው።

"የባለቤቴ ወንድም ጌቱ ሚስትና አራት ልጅ ይዞ ኪራይ ቤት ይንከራተታል፤ ያውቁታል። ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ለእሱ ይሁን።"

"ዕጣ ወጥቷል እኮ ልጄ።"

"መጨረሻ የወጣችው ሴትዮ ብቻዋን ናት። አንድ ነፍስ ከስድስት ነፍስ አይበልጥም። ደግሞ እኔ ለራሴ አልጠየቅሁም።"

"እንዳላማው፣ ይህ እኮ…"

"ያስቡበት። የዚያን ዕለት ደጅ ላይ እሆናለሁ። እሺ ካሉኝ እገባለሁ።"

ከመጋዘኑ ሲወጡ የእህል ጆንያ ላይ ትንሽ ተቀመጡ። ከዚያ ሄደው ለዘመናይ ነገሯት። እሷም፣ "አሥራ አንድ ቤተሰብ ነው የኔታ" አለች።

"አሥራ ሁለት ነው።"

"አውቃለሁ አሥራ ሁለት መሆኑን። አሥራ አንዱ ይተርፋል ነው የምልዎት።"

ከተማው ትንሽ ነውና ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ ወፍጮ ቤት ደርሷል። በማግስቱ ሲሄዱ ወለተ ሰንበት ወንፊቷን አስቀምጣ፣ የነጠላዋን ዱቄት አራግፋ ተነሣች። እሷው ጀመረችላቸው።

"ሰምቻለሁ የኔታ። ለሰውየው ይስጡት።"

"ማን ስጡት አለ? እኔ እኮ ልጠይቅሽ እንጂ…"

"ያልጨበጥሁትን ለቀቅሁ አይባልም። እነዚያ ልጅ ያላቸው ይግቡ። በኔ የተነሣ ሲቀሩ ዓይናቸውን በየት በኩል አየዋለሁ?"

መሪጌታ እንቢ እንድትል ነበር የፈለጉት። አልለቅም፣ ዕጣዬ ነው ብላ ብትጮህባቸው እሳቸውም የሚቆሙበት መሬት ያገኙ ነበር። እሷ ግን ተመልሳ ወንፊቷን አነሣች፤ ሥራ አለባት።

ሰኔ ሠላሳ ከአንድ ትምህርት ቤት በተዋሱት አዳራሽ ተሰበሰቡ። ዕጣ የወጣላቸው ሰዎች ከነልጆቻቸው ግቢው ውስጥ ከዛፉ ሥር ተቀምጠዋል፤ ወለተ ሰንበት ብቻ አልመጣችም። ኃይለ ሚካኤልን ሁለት የወንድሙ ልጆች በቃሬዛ አስገብተው ከፊተኛው ረድፍ አጠገብ አኖሩት። የቢሮው ታዛቢ ያ ትሑት መዝጋቢ ነበር፤ መዝገቡን ዘርግቶ ቆጠረ። አሥራ ሦስት።

እስከ ስምንት ሰዓት ጠበቁ። እንዳላማው ከበሩ ውጭ መኪናውን ተደግፎ ይታያል። ታዛቢው ሰዓቱን አየና፣ "የኔታ፣ ቢሮው አሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል። ቃለ ጉባኤውን ጽፈን ማድረስ አለብን" አለ።

መሪጌታ ተነሡ። ከዛፉ ሥር የተቀመጡት ሲያልፉ ብድግ አሉላቸው፤ አንዲት እናት ሕፃኗን አቅፋ አብራ ተነሣች። ይህን ባያዩ ምናልባት ሌላ ቃል ይወጣቸው ነበር። በሩ ጋ ሲደርሱ እንዳላማው ባርኔጣውን አወለቀ።

"እሺ" አሉት።

"እሺ ማለት?"

"እሺ ማለት እሺ ነው። ግባ።"

ገባ፤ ፈረመ። አሥራ አራት ሆነ። አዳራሹ ውስጥ እፎይታ ተሰማ፤ የብርጓል እልል ልትል ስትል አፏን ያዝ አደረገች። ደንቡ ተሻሻለ ከመባሉ በፊት የቤቶቹም ውሳኔ አብሮ እንዲጸድቅ ስም ዝርዝሩ መነበብ ነበረበት። መሪጌታ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። አሥራ አንዱን በደህና አነበቡ። አሥራ ሁለተኛው ላይ፣ እንዳላማው ከገባ በኋላ ቀይረው የጻፉት ስም ጋ ሲደርሱ፣ ድምፃቸው ወረደ።

"ጌቱ" አሉ።

"ማን አልህ?" አለ ኃይለ ሚካኤል ከቃሬዛው።

"ጌቱ።"

"ወለተ ሰንበት የምትባል ነበረች። የት ሄደች?"

"ለቅቃለች። ፈቅዳ ነው።"

"ፈቅዳ ነው፣ ወይስ ፈርዳችሁባት?"

ኃይለ ሚካኤል በክርኑ ተደግፎ ቀና ለማለት ሞከረ፤ አልቻለም። "አንተን አምኜ ነው በቃሬዛ የመጣሁት፣ ገዳሙ። እናንተ ልጆች፣ አውጡኝ።"

የወንድሙ ልጆች እርስ በርስ ተያዩና ቃሬዛውን አነሡ። መሪጌታ ሮጠው አንዱን ጫፍ ያዙ። "ወንድሜ፣ ዝም በል ብቻ። ስለ አሥራ አንዱ ብለህ። እይ፣ ውጭ ልጆቹን እይ!"

"አየሁ። ስገባ አይቻቸዋለሁ" አለ ኃይለ ሚካኤል። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። "ግን ይችን ሴት እኔ በፊርማዬ አላስወጣትም። አልችልም።"

ታዛቢው ጉሮሮውን ጠረገ። "ድምፅ ሲሰጥ አዳራሹ ውስጥ ያለ ነው የሚቆጠረው። እሳቸው ከወጡ ምልዓተ ጉባኤው ይጎድላል።"

መሪጌታ ቃሬዛውን ለቀቁና ወደ ጠረጴዛው ተመለሱ። እስክሪብቶ አንሥተው ጌቱ የሚለውን ሰረዙ፤ አጥብቀው ስለተጫኑ ወረቀቱ ተቀደደ። "ወለተ ሰንበት" ብለው ጮክ ብለው አነበቡ። "ስሟ ወለተ ሰንበት ነው። መልሱት፣ ኃይለ ሚካኤልን መልሱት።"

ቃሬዛው ተመልሶ መሬት ነካ። ያን ጊዜ እንዳላማው ተነሣ። ክፉ ቃል አልተናገረም፤ ባርኔጣውን አድርጎ በሁለቱ ረድፍ መካከል ወጣ። ዘመናይ ተከትላው በሩ ድረስ ሮጠች፤ ስሙን ጠራችው፤ ልመናዋ አዳራሹ ውስጥ ተሰማ። ከዚያ የመኪናው ሞተር ተነሣ።

ታዛቢው እንደገና ቆጠረ። መቁጠር አያስፈልገውም ነበር።

"አሥራ ሦስት" አለ በዝግታ። "ይቅርታ አድርጉልኝ።"

ከዛፉ ሥር ለተቀመጡት መንገር የመሪጌታ ፋንታ ነበር። ሲነግሯቸው የተቆጣ የለም፤ አለመቆጣታቸው ባሰባቸው። አንድ ሰው ብቻ፣ "ቁልፉስ የኔታ?" አለ። ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ ነበር፤ አሥራ ሁለቱም በአንድ ሲባጎ ታስረው። በሳምንቱ ለቢሮው አስረክበው ፈረሙ። ቤቶቹ ታሸጉ። ዘመናይም ወደ ባሕር ዳር ሄዳ ሌላ ሥራ ያዘች፤ ልትሰናበታቸው ስትመጣ ሁለቱም ስለ ዝናቡ ብቻ አወሩ።

ከኃይለ ሚካኤል አንድ ጊዜ መልእክት መጣ፤ "ቅር ተሰኝተህብኛል ወይ" የሚል። መልስ ሳይልኩ ሰነበቱ። ቅር የተሰኙት በእሱ ይሁን በራሳቸው መለየት አቃታቸው።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ከቅዳሴ ሲመለሱ በወለተ ሰንበት ደጅ አለፉ። ከሌላ ሰው ግድግዳ ጋር የተለጠፈች ጠባብ ክፍል ናት፤ ነፋሱ የክዳኗን ላስቲክ ገልቦታል። እሷ ድንጋይ ላይ ቆማ ልትመልሰው ትታገላለች።

"የኔታ፣ በእግዜር ያችን ጫፍ ያዙልኝ" አለች ሳትዞር፣ በአካሄዳቸው አውቃቸው።

ዣንጥላቸውን ጥለው ያዙላት። ውሃው በእጅጌያቸው ገባ።

"ስሜን መልሰው አነበቡት አሉ" አለች።

"አነበብሁት።"

"እንዲያው ለምን ደከሙ!" አለችና ድንጋይ አንሥታ የላስቲኩን ጠርዝ ተጫነች። "ወደዚህ ሳብ ያድርጉት። ትንሽ። ትንሽ ደግሞ።"

ሳብ አደረጉ። ላስቲኩ አጭር ነበር፤ በአንድ በኩል ሲደርስ በሌላው በኩል ይጎድላል። ሁለቱም ዝናቡ ላይ ቆመው፣ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ይስቡት ጀመር።